ያገለገለ ካያክ ሲታጠብ የሚናገረው

ሻጩ "ምንም የለበትም፤ መታጠብ ብቻ ነው የቀረው" ብሎ ነበር። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ቤት ጓሮ የተነሣ፣ ሦስት ሜትር ግድም የሚረዝም፣ ቀዛፊው ውስጡ ገብቶ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ካያክ፣ ማለትም ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ነው። ከላይ ሲታይ ሰውየው እውነቱን ይመስል ነበር፤ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ፣ አፍንጫው (የፊት ጫፉ) ውስጥ የሸረሪት ድር፣ መቀመጫው ሥር ደግሞ ከርሞ የበሰበሰ ቅጠል። ሁሉም ለቀቀ። ከጭራው ሥር ግን የአውራ ጣት ርዝመት ያላት አንዲት ጥቁር መስመር አልለቅም አለች። ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ብሩሽ ተፈራረቁባት፤ ንቅንቅ አላለችም። ጠባሳ ናት ተብላ ታለፈች።

ከዚያ ካያኩ ተቃንቶ በሁለት የእንጨት ማስቀመጫዎች ላይ ወጣና ውስጡ በጎማ ውሃ ታጠበ። ውጪው ደርቆ ካበቃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከዚያችው መስመር ሥር አንዲት የውሃ ጠብታ ብቅ አለች። አበጠች፤ ወረደች። በቦታዋ ሌላ ተተካች።

ያቺ ጠብታ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ቆሻሻ ነው ተብሎ ሲፈተግ የቆየው ነገር ፕላስቲኩ አልቆ የተበሳበት ቦታ ነበር። መስመሯ የጠቆረችውም ጭቃ ገብቶባት ስለደረቀ ነው። ያገለገለ ካያክ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚመኘው የቀድሞውን ባለቤት አሻራ ፍቆ የራሱን ማሳረፍ ነው። እኔ ግን አሻራው ከመፋቁ በፊት ይነበብ እላለሁ። ጀልባው የት የት እንደተጎተተ፣ በምን እንደታሰረ፣ ስንት በጋ ፀሐይ ላይ እንደከረመ በገላው ላይ ተጽፏል። እጥበቱም ያንን ለማንበብ የሚገኝ የመጀመሪያውና ምርጡ አጋጣሚ ነው።

ውሃ ሳይነካው

ከሁሉ በፊት ሚዛን። የሻንጣ ሚዛን በፊተኛው እጀታ ላይ ይንጠለጠልና ጭራው መሬት ላይ እንዳለ አፍንጫው ትንሽ ብድግ ይደረጋል። ቁጥሩ ይጻፋል። ከዚያ በጭራው በኩል እንደዚያው። የሁለቱ ድምር የጀልባው ክብደት ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ሜትር የሚሆን የፖሊኤቲሊን (ብዙ ካያክ የሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት) ካያክ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። አምራቹ 22 ኪሎ ያለው ካያክ 26 ቢመዝን፣ አራት ሊትር ውሃ አንድ ቦታ ተደብቋል ማለት ነው። ወይ የመቀመጫው ስፖንጅ ጠጥቶታል፣ ወይ ከኋላው ክፍል አልወጣም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው።

ሁለተኛው መለያ ቁጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የሚሠሩ ጀልባዎች ከጭራቸው በስተቀኝ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ እንዲኖራቸው ግድ ነው። ካያክም ከዚያ አያመልጥም። ከ1984 አጋማሽ ወዲህ ባለው አጻጻፍ የመጨረሻዎቹ አራቱ ዕድሜውን ይናገራሉ። ለምሳሌ መጨረሻው ዲ (D)፣ 4፣ 14 ቢል፣ ዲ አራተኛው ወር ነው፤ 4 የ2014 የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ 14 ደግሞ የ2014 ሞዴል መሆኑን ያሳያል። ሻጩ "ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው" ያለው ጀልባ አሥር ዓመት ሆኖት ሊገኝ ይችላል። መለያው ተፍቆ ከተገኘ ግን ዋጋው ምንም ቢረክስ አለመግዛት ነው።

ዕድሜ ለብቻው አይጎዳም፤ የሚጎዳው ፀሐይ ነው። ፖሊኤቲሊን ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ይነጣና ይደርቃል፤ እንደ ልቡ መታጠፉ ይቀርና መሰንጠቅ ይጀምራል። የሚፈተነው በአውራ ጣት ነው። ሆዱ ጫን ሲደረግ ገባ ብሎ ከተመለሰ ጤናማ ነው። ሲጫን የመሰንጠቅ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም በመቀመጫው ብሎኖች ዙሪያና በመግቢያው ከንፈር ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ካሉ፣ እጥበትም ጥገናም አያድነውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ካያክ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚጠረጥርበት ቦታ ሳያበዛ አራቱን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል፤ ጭራ፣ የብሎን ዙሪያ፣ የመግቢያ ከንፈር፣ የክዳን ጎሚኒ።

እጥበቱ

የሚፈታ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይፈታል፤ መቀመጫው፣ መደገፊያው፣ የእግር መርገጫዎቹ፣ የማፍሰሻው ውታፍ። ከመፈታታቸው በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የእያንዳንዱንም ብሎንና ዳዶ ለየብቻ በትንሽ ፌስታል አስሮ ስሙን መጻፍ ያስፈልጋል። የመቀመጫና የመርገጫ ብሎኖች ርዝመት ስለሚለያይ፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ጫፉ ወጥቶ እግር ይቀድዳል፤ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ደግሞ ዳዶውን በደንብ አይዝም።

ቀጥሎ ደረቅ ጽዳት ነው። አሸዋውና ቅጠሉ በመጥረጊያ ወይም በቫኪዩም ይወጣል። አሸዋ ላይ ውሃና ብሩሽ ማምጣት ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው። ከዚያ በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች። ሥራው ጥላ ሥር ይሁን፤ ፀሐይ ላይ ሳሙናው ከመታጠቡ በፊት ይደርቅና ነጭ ምልክት ይተዋል። በኃይል የሚረጭ የውሃ መሣሪያ ያለው ሰው ከክዳኖቹና የኋላውን ክፍል ከመቀመጫው ከሚለየው የውስጥ ግድግዳ ያርቀው። ግድግዳው ስፖንጅ ነው፤ በዙሪያው ያለው ማጣበቂያ ግፊቱን አይችልም።

ለሻጋታ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይረጫል፤ 15 ደቂቃ ይቆይና ይፈተጋል። ለጨርቅ ማሰሪያዎቹም ይሄው ይበቃል፤ በረኪና ቀለማቸውን ይበላል፣ ክሩንም ያደክማል። በረኪና የግድ ካስፈለገ ፕላስቲኩ ላይ ብቻ፣ በጣም ቀጥኖ። ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አንዱ በሚገባ ታጥቦ ሳይለቅ ሌላው አይነካም።

የቀድሞው ባለቤት ስቲከሮች በፀጉር ማድረቂያ ይሞቁና በፕላስቲክ ካርድ ከጥግ ተነሥተው ይላጣሉ። የቀረው ሙጫ በምግብ ዘይት ይታሻል፤ ዘይቱ በሳሙና፣ በመጨረሻም በፋርማሲ አልኮል ይጸዳል። አሴቶን አያስፈልግም።

ሆዱ ላይ ድንጋይ የነካካቸው ቦታዎች ፂም ያወጡ ይመስላሉ፤ የተነሡ የፕላስቲክ ክሮች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ ሲያሸው ፂሙ ይብሳል፤ ፖሊኤቲሊን እንደ እንጨት አይላግም፣ ይቦጨቃል። መድኃኒቱ አዲስ ምላጭ ነው። በትንሹ ተጋድሞ፣ ከአፍንጫ ወደ ጭራ በቀስታ ሲሄድ ክሩ ብቻ ተቆርጦ ይወድቃል። ዓላማው መላጨት ነው፤ ቆዳውን መግፈፍ የለበትም። ጥልቀቷ ከአንድ ሚሊ የማትበልጥ ጭረት እንዳለች ብትተው ምንም አትጎዳም።

ሆዱ የተሰረጎደ ካያክ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ አቀማመጡ ወይም ስለ ጉዞው ነው። ክረምቱን በሁለት ጠባብ እንጨቶች ላይ ተጋድሞ ከርሟል፣ ወይም ፖርቶመጋላ ላይ በቀበቶ ከልክ በላይ ተጠፍሮ ፀሐይ ላይ ውሏል። ፖሊኤቲሊን የተቀረጸበትን ቅርጽ አይረሳም፤ ሙቀት ካገኘ ይመለሳል። ተገልብጦ፣ የተሰረጎደው ቦታ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኖ የበጋ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። እምቢ ካለ ከውስጥ በእጅ ቀስ እያሉ መግፋት፣ ሲመለስም በዚያው እንደያዙ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማብረድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ የሙቅ አየር መሣሪያ ይዞ የቸኮለ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስርጉዱን ወደ ቀዳዳ ይለውጠዋል።

ማድረቁን ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ካያኩ፣ ውታፉ ክፍት ሆኖ፣ ክዳኖቹ ተነሥተው፣ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ይድረቅ። ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ሃይድሪላ የሚባለው አረም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ውሃውን በምንጣፍ መልክ ያለበሰባቸው ቦታዎችና ዓመታት አሉ። ይህ አረም ከተቆረጠች ቁራጭ እንደገና ይበቅላል፤ ቁራጯ ደግሞ በእግር መርገጫው ሐዲድ ውስጥ ተወሽቃ ወደ ሌላ ሐይቅ ትሻገራለች። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም። ውሃ በተቀየረ ቁጥር ካያኩ ይጸዳ፣ ይፍሰስ፣ ይድረቅ።

ያቺ መስመር

ወደ ጠብታዋ ልመለስ። የካያክ ጭራ የሚያልቀው ብቻውን የሚሸከም ሰው አፍንጫውን አንሥቶ አስፋልት ላይ ስለሚጎትተው ነው። ሦስት ሜትር ጀልባ፣ 22 ኪሎ፣ ከመኪና ማቆሚያ እስከ ውሃው መቶ እርምጃ። የክብደቱ ግማሽ ያህል በጭራው ላይ ባለች አንዲት ጣት በምታህል ቦታ ያርፋል። አንድ ጊዜ ምንም አይለውም፤ በሦስትና በአራት በጋ ግን ይበሳል። የሚያሳዝነው ቦታው ከውታፉ አጠገብ በመሆኑ፣ ውስጥ ውሃ ሲገኝ ሁሉም የሚጠረጥረው የውታፉን ጎሚኒ መሆኑ ነው። ጎሚኒው ይቀየራል፤ ውሃው ግን መግባቱን አይተውም።

ስለዚህ ፍተሻው ውሃውን ከውስጥ ይጀምራል። ጀልባው በማስቀመጫ ላይ እንዳለ ከኋላው ክፍል 20 ሊትር ይጨመርና፣ ጭራው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ውጪው በፎጣ ይደርቃል። ከዚያ መጠበቅ ብቻ። መሙላት አያስፈልግም። ካያክ እስከ አፉ ቢሞላ ውሃው ከ150 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ከውጭ የሚደግፈው ውሃ በሌለበት ሆዱ ይጣመማል፣ ማስቀመጫውም ሊወድቅ ይችላል። ከኋላው ክፍል የገባው ውሃ ወደ መቀመጫው በኩል ከመጣ ደግሞ የስፖንጁ ግድግዳ ማጣበቂያ ለቋል ማለት ነው። አሮጌው ተፍቆ በአልኮል ይጸዳና እንደ ሌክሴል ባለ የሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላል። ተራ ሲሊኮን ፖሊኤቲሊን ላይ አይዝም፤ ሲደርቅ በጥፍር ይላጣል።

ቀዳዳውን ለመድፈን ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ብየዳ ነው። የሚበየደው ቀላሉ ፖሊኤቲሊን ብቻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ክሮስሊንክድ የሚባለው ዓይነት ሲሞቅ አይቀልጥም፣ ያርራል እንጂ። በማይታይ ቦታ፣ በመግቢያው ከንፈር ሥር፣ በምላጭ ትንሽ ፍቅፋቂ ተነሥታ ስትሞቅ ከቀለጠች ይበየዳል። ቀዳዳው በምላጭ የ‹ቪ› ቅርጽ እስኪይዝ ይከፈታል፤ ጭቃው በሙሉ ይወጣል። ጭቃ ላይ የተበየደ ነገር ይለቃል፤ ያቺ ጥቁር መስመር መጀመሪያ ነጭ እስክትሆን የጠበቅኩት ለዚህ ነው። የመሙያው ዘንግ ፖሊኤቲሊን ይሁን፤ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር አይዋሃድም። ፖሊኤቲሊን የሚቀልጠው በ130 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሙቅ አየር መሣሪያው ግን ወደ 300 ዲግሪ ይደረጋል፣ አየሩ መንገድ ላይ ስለሚበርድ።

ወሳኟ ቅጽበት ይህች ናት። ዘንጉም የጀልባው ቆዳም አብረው መሞቅ አለባቸው። ዘንጉ ብቻ ቀልጦ ቀዝቃዛ ቆዳ ላይ ቢፈስ የሻማ ሰም ሳህን ላይ እንደተንጠባጠበው ነው፤ የተያያዘ ይመስላል፣ በጣት ሲነሣ ግን ሙሉውን ይመጣል። ትክክለኛው ምልክት መብረቅረቅ ነው። ደብዛዛው ቆዳ ድንገት እርጥብ የሆነ ይመስል ያበራል፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ተጭኖ ይገባል። ካበራ በኋላ የሚቆይ ሙቀት ወደ ቡኒ ይወስደዋል፤ ቡኒ የሆነ ፕላስቲክ ደግሞ ተቃጥሏልና ጥንካሬ የለውም። በማብራትና ወደ ቡኒ በመለወጥ መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። እጅ እስኪለምደው ድረስ በአሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ላይ መለማመድ፣ በተለይ ታችኛው ላይ ‹2› የሚል ቁጥር ያለበት ሦስት ማዕዘን ከታተመ፣ በጣም ይረዳል፤ ያ ምልክት ዘሩ አንድ መሆኑን ይናገራል። ብየዳው ካለቀ በኋላ በራሱ ይብረድ፤ ውሃ ከተደፋበት በድንገት ይሰበሰብና ዳር ዳሩን ይሰነጥቃል።

ሁለተኛው መንገድ እንደ ጂ-ፍሌክስ ያለ የሚለጠጥ ኤፖክሲ ነው። ሁለቱ ጠርሙሶች እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ። ፖሊኤቲሊን ማንኛውንም ማጣበቂያ የሚገፋ ቅባታም ቆዳ ስላለው ሰዎች ኤፖክሲ አይሠራም ይላሉ። የተዘለለችው ደረጃ እሳት ናት። ቦታው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሻካራል (ያ የተከለከለው ብርጭቆ ወረቀት እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው)፣ በአልኮል ይጸዳል፣ ከዚያ የፕሮፔን ነበልባል ጫፍ በሴኮንድ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር በሆነ ፍጥነት ይዳብሰዋል። ፕላስቲኩ ቀለም መለወጥም መለስለስም የለበትም። ነበልባሉ የላይኛውን ሽፋን ኬሚስትሪ ስለሚለውጥ ሙጫ የሚይዝበት ነገር ያገኛል። መሥራቱን ለማወቅ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፤ ከተንኳለለ አልተሳካም፣ ከተዘረጋ ተሳክቷል። ደርቆ ኤፖክሲው ወዲያውኑ ይቀባና 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል።

በዚያ ካያክ ላይ ከብየዳው በላይ የጎማ መሸፈኛ ተጨመረበት። ቦታው ከጠነከረ በኋላም ጭራ ያው ጭራ ነው፤ መጎተቱ ካልቀረ ያልቃል። የዋናው ችግር መድኃኒት ሁለት ጎማ ያላት ትንሽ ጋሪ ነች።

ለአንድ ሰው ገላ

ካያክ መጀመሪያም ለአንድ ሰው ተለክቶ የሚሰፋ ልብስ ነበር። በአርክቲክ ያሉ ሕዝቦች ባሕሩ ካመጣው እንጨት አጥንቱን ሠርተው በእንስሳ ቆዳ ሲያለብሱት፣ የሚለኩት በባለቤቱ አካል ነበር። እንደየአካባቢው ቢለያይም፣ ርዝመቱ ሁለት እጅ ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ያለው ልክ ሦስት እጥፍ፣ መቀመጫው የዳሌ ስፋትና ሁለት ጭብጥ ያህል ይሆናል። ፋብሪካ ያንን አስቀርቶ ለሁሉም የሚሆን አንድ መጠን አወጣ። ለሁሉም የሆነ ደግሞ ለማንም በትክክል አይሆንም። ስለዚህ የራስ ማድረግ ሲባል ቀለም ቀድሞ የሚታሰበኝ አይደለም፤ ልኩ ነው።

የሚጀመረው ከእግር ነው። መርገጫው ላይ ከእግር ጣቶች ሥር ያለው የውስጥ እግር ክፍል ሲያርፍ ጉልበት በትንሹ ተጣጥፎ ወደ ጎን ዞር ብሎ ከላይኛው ግድግዳ ጋር ይነካካ። እግር ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ወገብ ያማል፤ በጣም ከታጠፈ ካያኩን በጉልበት መያዝ አይቻልም። የመርገጫው ሐዲድ አሸዋ ከያዘ አይንቀሳቀስም፤ በጥርስ ብሩሽና በለብ ያለ ውሃ ይጸዳ፣ ዘይት አይቀባ፤ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል።

ከዳሌ ጎን በሁለቱም በኩል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቀዛፊው ወደ ጎን ሲያዘነብል ካያኩ አይከተለውም። ክፍተቱ ውሃ በማይጠጣ ስፖንጅ፣ ከ12 እስከ 25 ሚሊ ውፍረት ባለው፣ ይሞላል። ስፖንጁም ፕላስቲኩም ማስቲሽ ይቀባሉ፤ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆይቶ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን ብቻ ይገናኛሉ። ቶሎ ከተገናኙ ማስቲሹ ውስጥ እንደረጠበ ይቀራል። ልኩ እንዳለቀ ደረቅ መሬት ላይ፣ ከዚያም ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሰው አጠገብ ቆሞ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ተለብሶ፣ በቶሎ መውጣት ይሞከር። ሰውን የሚያጠምድ ልክ፣ ልክ አይደለም።

ሌላው የማይታየው ነገር አፍንጫው ውስጥ ነው። የኋላ ግድግዳ ብቻ ያለው ካያክ ሲገለበጥ ፊቱ በሙሉ ውሃ ይሞላና አፍንጫው ይሰምጣል። የአየር ከረጢት አፍንጫው ውስጥ ነፍቶ ማሰር የዚህን ውሃ ቦታ ይይዛል። እኔ ከሁሉም ዕቃ በፊት ይሄን እገዛለሁ፤ ከመቅዘፊያ ማስቀመጫም፣ ከስልክ መያዣም በፊት።

መብሳት

አዲስ ባለቤት በመጀመሪያው ሳምንት ትራፓኖ ያነሣል። የዓሣ ዘንግ መያዣ፣ የካሜራ መቆሚያ፣ ላስቲክ ገመድ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የሚታሸግ አፍ ነው። ለአንድ ወር ያህል ዕቃው በፕላስተር ተጣብቆ ይቀዘፍበት። መቅዘፊያው የሚያልፍበት መንገድ ላይ ከሆነ ያኔ ይታወቃል፤ ትራፓኖው ሳይነሣ።

የግድ ከሆነ ከውሃው መስመር በላይ ብቻ። ቦታው በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል፣ ምልክቱ በላዩ ይደረጋል፣ ከጀርባው ምን እንዳለ በእጅ ይዳሰሳል። መጀመሪያ በ3 ሚሊ ፑንታ፣ በቀስታ፤ ፍጥነት ፕላስቲኩን ያቀልጥና ፑንታው ላይ ይጠመጠማል። እጅ ውስጥ ከደረሰ ምርጡ አይዝጌ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ናይለን ያለው ዳዶ ነው። እጅ ካልደረሰ ከጀርባው በሦስት እግር የሚከፈተው የአሉሚኒየም ሪቬት ይሠራል፤ ተራው ሪቬት ለስላሳ ፕላስቲክን ቀዶ ይወጣል። በሥሩ የቡቲል ማሸጊያ ቁራጭ ይደረጋል። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ውሃው ጨው በሆነበት የሚቀዝፍ ሰው አሉሚኒየምና አይዝጌ ብረት አጠገብ ለአጠገብ ባያደርግ ይሻለዋል፤ ጨው ውስጥ አሉሚኒየሙ ይበላል። ብሎኑ የሚጠብቀው ሮንዴላው ፕላስቲኩን ጫን እስኪለው ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ እዚያው ይፈጠራል።

ስም

ቀለም መቀባት የሚያምረው ለአንድ በጋ ነው። ማጣበቂያን የገፋው ቅባታም ቆዳ ቀለምንም ይገፋል፤ ለፕላስቲክ የተባለው የሚረጭ ቀለም እንኳ ድንጋይ በነካው ቁጥር ይላጣል። የሚያዋጣው ለውጭ አየር የሚሆን ጠንካራ ሙጫ ያለው ስቲከር ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ 303 የሚባለው ዓይነት፣ የሚቀባው ስቲከሩ ከተለጠፈና ሙጫው ከያዘ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተቀባ ካያክ ላይ ምንም አይጣበቅም። የመኪና ጎማ ማብሪያ ቅባት ደግሞ ሲሊኮን ስላለው ለወራት ሙጫ ያስለቅቃል፤ አይነካ።

ቆዳው በአልኮል ሁለት ጊዜ ይጠረጋል፣ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ይደረጋል፣ ስቲከሩ ከመሐል ወደ ዳር በካርድ ይጫናል፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ውሃ አይንካው። ቦታው መቅዘፊያ፣ የጣት አንጓና የፖርቶመጋላ ቀበቶ የማይደርሱበት፣ ከመግቢያው ፊት በጎኑ ላይ ቢሆን ይቆያል።

በግዕዝ ፊደል ስም የሚያስቆርጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ሁልጊዜ የሚላጠው ከቀጭኑ ነው። ለዚያ ካያክ የተመረጠው ስም "ደንገል" ነው፤ የጣና ታንኳ የሚታሰርበት ተክል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከሐይቁ ወጥቶ ይደርቃል፣ እንደገና ይወርዳል፤ አንድ ጭራው የተበሳ ካያክ ከእሱ የራቀ አይደለም። መጀመሪያ በተቆረጠው ላይ የ‹ን› ጎን ጭረትና የ‹ል› ጫፍ እንደ ፀጉር ቀጥነው በሁለተኛው ሳምንት ተነሡ። ሁለተኛው ሲቆረጥ ፊደሉ 8 ሴንቲሜትር ቁመት፣ ቀጭኑ ክፍል ቢያንስ 6 ሚሊ፣ ጥጉ ሁሉ ክብ ተደረገ። እስካሁን አልተነሣም። በጥበብ ጥለት ጎኑን ማስጌጥ የፈለገ ከሚያበራ ቴፕ ትንንሽ ማዕዘኖች ቆርጦ ቢደረድር ሁለት ይጠቀማል፤ ቀን ጌጥ፣ ማታ ደግሞ የሞተር ጀልባ መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ ይታያል። ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ መያዝ ግን በቴፕ አይተካም። ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያስፈልጋል፤ ፊሽካውም ከጃኬቱ ላይ አይለይ።

ከስሙ በላይ የምጨነቅለት ግን ሌላ ስቲከር አለ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በጎ ፈቃደኞች ክፍል ለካያክና ለታንኳ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠው ነው፤ የባለቤቱ ስምና ስልክ ይጻፍበታል። ባዶ ካያክ ወንዝ ላይ ሲንሳፈፍ ከተገኘ ያዩት ሰዎች ሰው ሰምጧል ብለው ነው የሚነሡት። ጀልባና ሄሊኮፕተር ይሰማራል፤ ጠላቂዎች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ነፋስ ከጓሮ ያነሣው ካያክ ከሆነ ግን አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል፤ ባለቤቱ ስልኩን አንሥቶ "እኔ ቤት ነኝ" ይላል። ባለቤቱ ሳያነሣ ከቀረ ደግሞ ማን እንደሚፈለግ ይታወቃል።

በስቲከሩ ላይ ቋሚ በሚባለው ማርከር የተጻፈው እንኳ ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሁለት ስልክ ይጻፍ፣ አንዱ የባለቤቱ፣ ሌላው ውሃ ላይ አብሮት የማይሆን የቤተሰብ ሰው። በላዩ ግልጽ ፕላስተር ይለጠፍ። ያው ጽሑፍ ሁለተኛ ጊዜ፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ከመቀመጫው ሥር ይደገም። በየጸደዩ መቀመጫው ለእጥበት ሲነሣ ቁጥሮቹ አሁንም የሚሠሩ መሆናቸው ይታይ፤ ያኔም ጭራው ሥር በደረቅ ፎጣ ተጠርጎ ለግማሽ ሰዓት ይጠበቅ።